በምርቃት የተሰጠችው ድንቢጥ

 

ዛሬ ስለ እንስሳት እንነጋገራለን። ደጃችሁ ላይ ስላለው ውሻ፣ በረት ውስጥ ስላለው በሬ፣ ጋሪ ስለሚጎትተው ፈረስ፣ ጣራው ላይ ስለሚጮኸው ቁራ። «ሰው በተጨነቀበት ዘመን ፓስተር ደግሞ ስለ ውሻ ይሰብካል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ መጨረሻው ላይ የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር አለበት።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ቁጥር 6 ላይ ግለጡ። ጎን ለጎን ደግሞ ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 29ን ያዙ። ጌታ በሁለቱም ቦታ ስለ ድንቢጥ ዋጋ ይናገራል። በማቴዎስ ሁለት ድንቢጦች በአምስት ሳንቲም ይሸጣሉ። በሉቃስ ደግሞ አምስቱ በአሥር ሳንቲም። እስቲ ሒሳቡን ሥሩት። ሁለቱ በአምስት ሳንቲም ከሆኑ፣ በአሥር ሳንቲም የሚገኙት አራት ናቸው። አምስተኛዋ ከየት መጣች?

ገበያ የወጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አምስተኛዋ ምርቃት ናት! ድንች ወይም ሽንኩርት ስትገዙ «መርቂልኝ እንጂ» ትሏችሁ የለ? ሻጯ አንድ ፍሬ ትጨምርላችኋለች። ያቺ ፍሬ ዋጋ አልተቆረጠላትም። ጌታ ታዲያ ምን አለን? ከእነዚያ ከአምስቱ አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች ነገረን። ገበያው ዋጋ ያልሰጣት፣ ሻጩ ያልቆጠራት፣ ገዢው ከፍሎ ያልወሰዳት አምስተኛዋም በሰማይ ትታወቃለች። ሃሌ ሉያ!

ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ቶሎ ወደ ራሳችን እናዞረዋለን፤ «እኛ ከድንቢጥ እንበልጣለን» ብለን እንጽናናለን። እውነት ነው፣ ጌታም ወደዚያው ነው ያመጣው። ነገር ግን መጽናናታችን የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እግዚአብሔር ድንቢጧን በእውነት ያስባታል። ለድንቢጧ ግድ ባይኖረው ኖሮ ንግግሩ ለእኛም ምንም አይሆንም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከድንቢጧ ቶሎ አንለፍ።

1. ደስታው ስጦታ ነው

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር እንስሳትን ወደ አዳም አመጣቸው፤ ስማቸውን ምን እንደሚላቸው ለማየት። ከሰው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ስም ማውጣት ነበር። የጎጃም ገበሬ እስከ ዛሬ ይህን ሥራ አልተወም። በሬውን ቦራ ይለዋል፣ ዳልቻ ይለዋል፣ ቡሬ ይለዋል። ሲያርስ በስሙ ይጠራዋል፣ ያዜምለታል፣ ይቆጣዋል፣ ያባብለዋል። በሬውም ስሙን ያውቃል። ልጆቻችን ውሻቸውን ቦቢ፣ ቡቺ ብለው ይጠሩታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚቀበላቸው እርሱ ነው።

አባቶቻችን ለፈረስ ያላቸውን ክብርም አስቡ። ሰውየው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ፤ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነበር። ጎረቤቶቻችን በአዊ፣ እንጅባራ ላይ፣ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ የሚያስብ ሕዝብ ነው። ውለታን ማሰብ ጥሩ ነገር ነው፣ ወገኖቼ።

በረት ውስጥ ካሉት ሌላ ደግሞ ማንም የማይቀልባቸው አሉ። ጌታ በተራራው ስብከቱ የሰማይን ወፎች እንድናይ አዞናል። ልብ በሉ፣ ይህ ትእዛዝ ነው! በሉቃስ 12 ቁጥር 24 ላይ ደግሞ ቁራን ለይቶ ይጠቅሳል። የእኛ ደጋ ቁራ ምንቃሩ ወፍራም፣ ከራሱ በስተኋላ ነጭ ምልክት ያለው ነው። ይህ ዓይነቱ በዋናነት የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ሊያዩት ይመጣሉ፤ እኛ ግን በድንጋይ እናባርረዋለን። አይዘራም፣ አያጭድም፣ ጎተራም የለውም። የኑሮ ውድነት ሲያስጨንቃችሁ ጌታ ቀና ብላችሁ እዩ ያላችሁ እርሱን ነው።

ወደ ጮቄ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ትልቁ አሞራ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓለት ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ይህን ጥበብ ማን አስተማረው? መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ደግሞ ከሩቅ አገር ወፎች ይመጣሉ፤ ሽመላዎች በክረምት ከሚበርደው ከአውሮፓ ተነሥተው አፍሪካን ያቋርጣሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ይህንኑ አይቶ ተደነቀ፤ ወፎቹ የጉዟቸውን ወቅት አይስቱም፣ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ሥርዓት ሳተ። ነቢዩ ወፍ የሚያይ ሰው ነበር ማለት ነው። ያየውንም ለስብከት ተጠቀመበት።

2. ኀዘኑም እውነት ነው

እንስሳን የወደደ ሰው ያዝናል። ዕድሜያቸው ከእኛ ያጥራል። በሬው በእርሻ ወቅት ሲወድቅ ገበሬው የሚያለቅሰው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ስንት ክረምት አብሮት በጭቃ ውስጥ የረገጠ ባልንጀራው ነው የሞተው።

አንድ የሰንበት ትምህርት ልጅ ውሻው በመኪና ተገጭቶ ሞተበት። እናቱ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ? ነውር ነው!» አለችው። ልጁ ወደ እኔ መጥቶ «ፓስተር፣ ቦቢ ሰማይ ይገባል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አንሳቅ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አንድ ውሻ ነፍስ ዕጣ በግልጽ አልነገረንም፤ ያልተነገረንን ለልጅ እንደ ተነገረን አድርገን አናወራም። የተነገረንን ግን እንናገራለን። ሮሜ ምዕራፍ 8 ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን በመቃተት እንዳለና ከመበስበስ ባርነት ነፃ የሚወጣበትን ቀን እንደሚጠባበቅ ይነግረናል። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን ከኖኅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመርከቡ ከወጡት እንስሳት ሁሉ ጋር አደረገ፤ ዘፍጥረት 9 ቁጥር 10ን አንብቡ። ለልጁ ያልኩት ይህንን ነው፦ «ቦቢን የፈጠረው ያውቀዋል፤ በእርሱ እጅ ያለ ነገር አይጠፋም። ማልቀስህ ነውር አይደለም።»

ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ ስለ አንድ ድሃ ሰው ነገረው። ድሃው አንዲት ጠቦት ነበረችው፤ ከጉርሻው ያበላት፣ በብብቱ ያስተኛት፣ እንደ ልጁ ያያት ነበር። ዳዊት ይህን ሲሰማ «ለበግ ነው እንዴ?» አላለም፤ በቁጣ ነደደ። የእግዚአብሔር መንፈስ የንጉሥን ልብ ለመስበር የመረጠው ምሳሌ ሰው ለእንስሳው ያለው ፍቅር ነበር።

ሌላ ደግሞ ማንም ያላለቀሰለት ኀዘን አለ። ቀይ ቀበሮን ታውቁታላችሁ? በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ከደጋው ጫፍ ላይ ይኖራል፣ አይጥና ፍልፈል አድኖ ይበላል። ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። በባሌ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ደጋዎች ይገኛሉ። በእኛ በጮቄም ነበር። አሁን የለም፤ ጠፍቷል። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ሣሩን ጨረሰው፤ የቀሩትም ጥቂቶች ተለይተው ብቻቸውን ቀሩ። የጨሞጋ ውኃ ከሚፈልቅበት ተራራ ላይ እግዚአብሔር ያስቀመጠው አንድ ፍጥረት በእኛና በአባቶቻችን ዘመን ጠፋ፤ ልጆቻችን በሥዕል ብቻ ያዩታል። ድንቢጧን ያልረሳ አምላክ ይህንንም አልረሳም። ስለዚህ እኛም እንወቀው።

በሌላ ቦታ ያሉትን ቀበሮዎች ዛሬ ከሚያሰጋቸው አንዱ የእኛው ውሻ ነው። ሳይከተብ ተለቆ የሚዞር ውሻ የእብድ ውሻን በሽታ ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በሽታው ገብቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ። የውሻ ክትባት ጉዳይ ከቤታችን አጥር የሚያልፍ ነገር ነው ማለት ነው።

3. ጻድቅ በበረቱ ይታወቃል

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 የጽድቅን አንድ መለኪያ ይሰጠናል። መለኪያው በልሳን መጸለይ አይደለም፣ መድረክ ላይ መቆምም አይደለም። ሰውየው ለእንስሳው ሕይወት የሚያስብ ነው ወይ? ይህ ነው። ሰው በጉባኤ ፊት ሊያስመስል ይችላል፤ በአህያው ፊት ግን አያስመስልም። አህያ ምስክርነት አትሰጥምና! አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥታለች፤ በኦሪት ዘኍልቍ 22 የበለዓም አህያ አፍ አውጥታ ስለምን ትመታኛለህ ብላ ጠየቀችው። ዛሬ አህዮቻችን ቢናገሩ ስለ እኛ ምን ይሉ ይሆን?

ሕጉን ተመልከቱ። በዘጸአት 23 ቁጥር 12 ሰንበት የተሰጠው በሬውና አህያውም እንዲያርፉ ነው። በዘዳግም 25 ቁጥር 4 አውድማ ላይ የሚያበራየውን በሬ አፉን ማሰር ተከልክሏል። ጤፍ በበሬ የምታበራዩ ወገኖቼ፣ ይህ ሕግ የተጻፈው ሥራችሁን በሚያውቅ አምላክ ነው። «ጳውሎስ ይህን ለወንጌል ሠራተኞች አይደለም እንዴ ያዋለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎን፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ። ነገር ግን ከትንሹ ተነሥቶ ወደ ትልቁ ሄደ እንጂ ትንሹን አልሻረም። ጌታም በሉቃስ 13 ቁጥር 15 በሰንበት በሬን ፈትቶ ውኃ ማጠጣትን ትክክለኛ ሥራ አድርጎ ነው የተናገረው። በነነዌ ላይ በራራ ጊዜ እግዚአብሔር ለዮናስ ከሰዎቹ ቀጥሎ ብዙዎቹን እንስሳት ጠቀሰለት፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል እርሱ ነው።

እስቲ አሁን ወደ መንገዳችን እንውጣ። የጋሪው ፈረስ ጀርባው ቆስሎ፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፍሮ፣ ከነቁስሉ ሲጫን እናያለን። ፈረሱ ሲያረጅ ደግሞ ወደ ጎዳና ይለቀቃል፤ ጉልበቱን በልተን ሽምግልናውን ለጅብ ሰጠን። ጋሪ የምትነዳ ወንድሜ፣ ኑሮህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጆችህን የምታበላው በእርሱ ነው። ስለዚህም ነው የምነግርህ። ከኮርቻውና ከመጫኛው ሥር ድርብ ጨርቅ አድርግለት። ቀትር ላይ ጥላና ውኃ ስጠው። ቁስሉ ሳይደርቅ አትጫነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልብ ይጠይቃል።

አህያን በተመለከተ አገራችን በአህያ ብዛት በዓለም ቀዳሚ ናት። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተ የአህያ ቄራ ሕዝቡ ተቃውሞ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ለቆዳዋ ተብሎ አህያ እንዳትታረድ ወሰኑ። ከእናቶች ጀርባ ላይ ውኃውንና እንጨቱን ያወረደችው እርሷ ናት። መሪዎች ካሰቡላት እኛ ጌታን እናውቃለን የምንል እንዴት አናስብላትም?

ስለ መርዝም አንድ ቃል። ውሻ በዛ፣ ጅብ አስቸገረ ተብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ይደረጋል። የተመረዘው ውሻ በስቃይ ይሞታል፤ እርሱን የበላ ጥንብ አንሳም ይሞታል። ጥንብ አንሳና ጅብ ሲያስጠሉን የከተማችንን በድን የሚያጸዱ ሠራተኞች ናቸው። በሕንድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ አንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳዎች ሊጠፉ ደረሱ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የመንደር ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ተስፋፋ። እግዚአብሔር ያለ ሥራ የፈጠረው የለም።

4. ጸልዩ፤ ደግሞም ሂዱ

አሁን የሰው ሕይወት ያድናል ወዳልኳችሁ ነገር መጣሁ። እናቶች፣ በደንብ ስሙኝ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ከ100 ጊዜ 99ኙ ለሰው የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። በሽታው በምራቅ ይገባል፤ በንክሻ፣ በጭረት፣ ቁስልን በመላስ። ከዚያ ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ቁስሉ ይድናል፣ ልጁ ይጫወታል፣ ሁላችንም «ተመስገን» እንላለን። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ነገር ግን ከዚያ በፊት መድኃኒት አለው! ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ አንድ ልጅ ከትቦ አዳነ። ክትባቱ ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል? አንዱ ምክንያት ስለምንዘገይ ነው። አንዳንዱ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። ከእኛ ወገን ደግሞ አንዳንዱ «ተጸልዮለታል፣ ክትባት መውሰድ አለማመን ነው» ይላል።

ወገኖቼ፣ እኔ በጌታ ፈውስ አምናለሁ፤ ለበሽተኛ እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ነገር ግን ይህ አነጋገር እምነት አይደለም። ሕዝቅያስ ታሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ያንኑ ቀን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ 2ኛ ነገሥት 20 ቁጥር 7 ላይ አለ። ጸሎቱም መድኃኒቱም ከአንድ ጌታ መጡ። ከጳውሎስ ጋር የተጓዘው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ጌታ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። የልጅን ሕይወት ከመቅደስ ጫፍ መወርወርም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ውሻ ወይም ድመት ቢነክሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁም፣ ይህን አድርጉ፦

ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ቅጠልም፣ ቡናም፣ ሌላም ነገር አትጨምሩበት።

በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ብላችሁ አትቅሩ። ክትባቱ ከተጀመረ ሁሉንም ቀጠሮ ጨርሱ።

ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ይህን የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

እየጸለያችሁ ሂዱ። መንገዱ ላይ ጸልዩ። ወረፋ ላይ ጸልዩ። ግን ሂዱ!

በመጨረሻ

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንድ፣ ማለዳ ተነሥታችሁ ለአምስት ደቂቃ ወፎችን እዩ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ። ጌታ ያዘዘውን ነው የምታደርጉት። ሁለት፣ የከብታችሁን ጀርባ፣ ሰኮና፣ አንገት በእጃችሁ ዳስሱ፤ ቁስል ካለ እወቁት። ሦስት፣ ውሻችሁ ካልተከተበ ቀን ቁረጡ።

ራሳችሁን እንደዚያች አምስተኛ ድንቢጥ የምታዩ ደግሞ አላችሁ። ሥራ ያጣችሁ፣ ባል የሞተባችሁ፣ ልጆቻችሁ ሄደው ብቻችሁን የቀራችሁ፣ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያሰማላችሁ ዶሮና ድመት ብቻ የሆነላችሁ። ገበያው አልቆጠራችሁም፤ በምርቃት እንደ ተጨመራችሁ ይሰማችኋል። የሰማዩ አባት ግን አልረሳችሁም። ምናልባት ያቺን ድመት እንኳ እግሮቻችሁ ሥር ያስተኛት እርሱ ይሆናል።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ የሰጠኸንን እንስሳት በአደራ እንጂ በጭካኔ እንዳንይዝ ልብ ስጠን። ያጣናቸውን አንተ ታውቃለህ። የቀሩትን ከእጃችን ክፋት ጠብቅ። ልጆቻችንን ከክፉ በሽታ ሰውር፤ ለእኛም በጊዜው የምንነሣበትን ጥበብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከብት ወይም ውሻ ላለው ጎረቤታችሁ ስጡት። ጌታ ይባርካችሁ።